የዘበኛው ስም ማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን መልአክ የለም። ስም የሚያወጣው አሠልጣኙ በሰሌዳው፣ ጋዜጠኛው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ፣ ክለቡም በውሉ ላይ ነው። ፖይንት ጋርድ፣ ሹቲንግ ጋርድ፣ ስሞል ፎርዋርድ፣ ፓወር ፎርዋርድ፣ ሴንተር፤ አምስት ተጫዋች፣ አምስት ስም፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ታዲያ አንድ ረጅም ሰው አሁን ቀለበቱ ሥር ቆሞ የተወረወረውን ሲያከሽፍ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ፈጣኑን ጋርድ ሲያባርር፣ ተመልሶም የጓደኛውን ሰው ሲይዝ ብናየው ምን እንበለው? አራተኛው ነው ወይስ አምስተኛው?

«ይኼ የኳስ ወሬ ነው፣ ፍልስፍና ምን አገባው?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ያገባዋል እንላለን። ለአንድ ሰው ስም ስንሰጠው ዋጋውን የት እንደምንፈልግለት፣ በምን እንደምናመሰግነውና በምን እንደምንወቅሰው አብረን እንወስናለን። ስለዚህ የምደባ ጥያቄ ውሎ አድሮ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስሞቹ ከየት እንደ መጡ እንመርምር። በጥንቱ ጨዋታ ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ኳሷ ወደ ሜዳው መሐል ተመልሳ በዝላይ ትጀመር ነበር። ለዚያ ዝላይ የሚቆመው ረጅሙ ሰው ሴንተር ነበር። ደንቡ በ1937 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚሁ ናቸው) ተሻረ፤ ስሙ ግን ሰውየው ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። የጋርድ ነገርማ ይብሳል። ጋርድ ማለት ዘበኛ ነው፤ ዱሮ ወደ ኋላ ቀርቶ የራሱን ቅርጫት የሚጠብቀው እሱ ነበር። ዛሬ ጋርድ የሚባለው ኳስ እየነዳ የሚያጠቃው፣ ከሩቅ የሚያስቆጥረው ነው። እውነተኛው ዘበኛ የዘበኝነቱን ስም ለሌላ ሰጥቶ፣ እሱ በማይሠራበት የማጥቃት ሥፍራ ስም ይጠራል። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ አምስቱ ስሞች በአመዛኙ ኳስ በእጃችን ሳለ የት እንደምንቆም ይናገራሉ እንጂ ኳስ በጠላት እጅ ሳለ ምን እንደምንሸከም አይናገሩም።

ስም የሌለው ሥራ ደግሞ ቁጥር አይኖረውም። ቢል ራስል ከ1957 እስከ 1969 በነበሩት 13 የውድድር ዘመኖች ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር 11 ጊዜ የኤን.ቢ.ኤ. ዋንጫ ወሰደ፣ 5 ጊዜም የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ጨዋታውን የለወጠው በማስቆጠር ሳይሆን የሌላውን ውርወራ በማክሸፍ ነው። ያከሸፋትንም ኳስ ለጭብጨባ ብሎ ወደ ተመልካች አይልካትም፤ ወደ ጓደኛው ገፋ ያደርጋትና ከዚያው ማጥቃት ይጀመራል። ታዲያ ስንት ኳስ አከሸፈ? ይፋ መዝገብ የለም! ኤን.ቢ.ኤ. የከሸፉ ኳሶችን መቁጠር የጀመረው በ1973–74 ነው፤ ራስል ጫማውን ከሰቀለ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያገባው ነጥብ አንድም ሳይጎድል ተጽፎለታል። ያዳነው ነጥብ ግን የትም አልተጻፈ።

በኋላ የመጡትም ዕጣቸው ከዚህ ብዙ አልራቀም። ቤን ዋላስን በ1996 በምልመላው ቀን ስሙን የጠራ ክለብ አልነበረም። ይኸው ሰው 4 ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ፣ በ2004 ከዲትሮይት ጋር ዋንጫ አነሣ። በአማካይ ያስቆጠረው በጨዋታ 5.7 ነጥብ ነው፤ በማጥቃት ሚዛን ብቻ ቢመዘን ኖሮ ከተጠባባቂ ወንበር ባልተነሣ ነበር። ድሬይመንድ ግሪንን ደግሞ እንመልከት። ቁመቱ 1.98 ሜትር ነው። በ2015 የፍጻሜ ውድድር ጎልደን ስቴት 2 ለ 1 እየተመራ ሳለ አሠልጣኙ ስቲቭ ኬር 2.13 ሜትር የሚሆነውን አንድሩ ቦጉትን ከመጀመሪያዎቹ አምስት አውጥቶ ግሪንን በሴንተር ቦታ አቆመው። ቡድኑ የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች አከታትሎ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ግሪንም በ2017 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ምን እንበለው? «አጭር ሴንተር» ብንለው በጎደለው ሴንቲ ሜትር ጠራነው። «ወፍራም ፎርዋርድ» ብንለውም ያው ነው። ብዙ የሚችል ሰው በቋንቋችን ሁልጊዜ የአንድ ነገር ጉድለት ሆኖ ይገኛል፤ ይህ የሰውየው ጉድለት ነው ወይስ የቋንቋው?

አሪስቶትል የአንድ ዋሽንት ነፊ መልካምነት ያለው በሥራው ላይ ነው፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁ የሚል ሐሳብ አለው። እኛም የረጃጅሞቹን ተከላካዮች ስም ከቁመታቸውም ሆነ ከመቆሚያቸው ሳይሆን ከሥራቸው እናውጣ እንላለን። ሥራቸውም ተለውጧል። በ1979 ኤን.ቢ.ኤ. የሦስት ነጥብ መስመርን አስገባ፤ መስመሩ ፊት ለፊት ከቀለበቱ 7.24 ሜትር ይርቃል። በ2001–02 ደግሞ ቦታን መጠበቅ ተፈቀደ፤ ነገር ግን ተከላካይ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሳይኖር ከቀለበቱ ሥር ባለው ክልል ከሦስት ሴኮንድ በላይ መቆም አይችልም። ስለዚህ ረጅሙ ሰው እንደ ግንብ ተተክሎ መዋል ቀረበት። አጥቂው በጓደኛው ገላ ተከልሎ ኳስ ይዞ ሲመጣበት ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ ወይም ብቅ ብሎ አስደንግጦ መመለስ፣ ወይም ጨርሶ ሰው መለዋወጥ አለበት። ይህን ሁሉ የሚወስነው በዓይን ጥቅሻ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ስም እናቀርባለን። አንደኛው በር ጠባቂ ነው፤ ቀለበቱን ትቶ ብዙ አይርቅም፣ ማንም በዚያ በኩል በነፃ አያልፍም። እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ ምርጥ ተከላካይ የተባሉት ዲኬምቤ ሙቶምቦና ሩዲ ጎቤር የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ተረክቦ ይይዛል፣ ግሪን እንደሚያደርገው። ሦስተኛው ደራሽ ነው፤ ከሌላው ጠርዝ ተወርውሮ ለተጠቃው ይደርሳል። ያኒስ አንቴቶኩምፖ በ2020 ምርጥ ተከላካይ ሲባል ሚልዋኪ ውስጥ በሩን የሚጠብቀው ብሩክ ሎፔዝ ነበር፤ ያኒስ ደራሽ ነበር። አንድ ሰው ከአንድ ስም በላይ ቢይዝ ችግር የለውም፤ ሥራ እንደ ቁመት አንድ ብቻ አይደለምና።

አሁን ከባድ ተቃውሞ ይመጣል። «ስም ሁሉ ይቅር! ሁሉም ተጫዋች ነው፣ በቃ» የሚሉ አሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። በ2021ም በ2022ም ጆኤል ኤምቢድ በኮከብነት ምርጫ ሁለተኛ ወጥቶ ሳለ ከዓመቱ ምርጥ አምስት ውስጥ አልገባም፤ የሴንተር ወንበር አንድ ብቻ ነበረችና ኒኮላ ዮኪች ተቀመጠባት። እንዲህ ያለው ምርጫ የክብር ብቻ አይደለም፤ አንድ ተጫዋች ሊፈርም በሚችለው የደመወዝ ጣሪያ ውስጥም ይገባል። ኤን.ቢ.ኤ. ከ2023–24 ጀምሮ ይህን የሥፍራ ክፍፍል ከምርጫው አነሣ። ጥሩ አደረገ። የቁመት ስም የሰውን እንጀራ ሊቆርጥ አይገባም።

ሆኖም ግን የተሳሳተ ስም መሻር አንድ ነገር ነው፣ ስምን ጨርሶ መሻር ሌላ ነገር ነው። ቪትገንሽታይን በ1953 በታተመው መጽሐፉ፣ ጨዋታ ለሚባሉት ነገሮች ሁሉ የጋራ የሆነ አንድ ነገር አይገኝም፣ እንደ ቤተ ዘመድ መልክ ይመሳሰላሉ እንጂ ይላል። ድንበሩ የደበዘዘ ስምም ያገለግላል ማለት ነው። ስም ከጠፋ የሚጠፋው ልዩነቱ አይደለም፤ ሸክሙ ነው ከዓይን የሚጠፋው። «ሁሉም ሁሉን ይሥራ» ሲባል ሁሉም አይሠራም፤ የሚችለው ይሠራል፣ የማይችለው ይታገዛል፣ ማን ማንን እንዳገዘም አይታወቅም።

ይህን ለማየት አንዲት ቅጽበት ትበቃለች። ጋርዱ በቸልታ ሰውየውን ያሳልፋል። አጥቂው ወደ ቀለበቱ ይበራል። ደራሹ የራሱን ሰው ትቶ ይመጣል፣ ይዘላል፣ ግማሽ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ኳሷ በአናቱ ላይ ቅርጫቱ ውስጥ ትደፋለች። አዳራሹ ይጮኻል፣ ፎቶግራፉ ይነሣል። ፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ማን ነው? ያሳለፈው ሰውዬማ ከክፈፉ ውጭ ነው። የተዋረደ መስሎ ለዘላለም የሚታየው ለመርዳት የመጣው ነው! አልመጣም ቢል ኖሮ ማንም ስሙን አያነሣም ነበር። ሙቶምቦን የመሰለ በር ጠባቂ እንኳ ከዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ አላመለጠም፤ ቆሞ የሚያየው ግን ያመልጣል። እንግዲህ ብልህ ሰው ይህን አይቶ ምን ይማራል? አለመድረስን።

ስለዚህ ትክክለኛ ምደባ ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት ብለን እናምናለን። ሰውየው ማንን ይይዛል? የትኛውን ቦታ ይጠብቃል? የማንን ስሕተት ይሸፍናል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሠልጣኞች ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቲም ደንከን 15 ጊዜ ከምርጥ ተከላካዮች ቡድን ተመረጠ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ግን አንድ ቀንም አልተባለም። በወረቀት ላይ ፓወር ፎርዋርድ ይባል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሴንተርን ሥራ ይሠራ ነበር። በትክክል ቆሞ ስለሚጠብቅ አጥቂው ሐሳቡን ለውጦ ይመለሳል። ያልተወረወረ ኳስ ደግሞ አይከሽፍም፣ ስለዚህም አይቆጠርም። ሦስተኛው ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ የደንከን ዋጋ በሌላ ሚዛን ይመዘን ነበር።

በ2024 ቪክተር ዌምባንያማ በመጀመሪያ ዓመቱ ከምርጥ ተከላካዮች አንደኛ ቡድን ገባ፤ ከእርሱ በፊት በመጀመሪያ ዓመቱ እዚያ የደረሰ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቁመቱ ነው። እኛ ግን ቢያንስ በዚህ ገጽ ላይ ሌላውን እንጠይቅ፤ እሱ ከኋላ ቆሞ ሳለ ሌሎቹ አራቱ ምን ያህል ደፍረው ይጫወታሉ? መልሱ የእሱም ስም አካል ነው። «የለም፣ ምደባ ለክብር ሳይሆን ለአሠራር ብቻ ነው» የሚል አንባቢ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እንከራከራለን።