ደብረ ዘይትና «ስምንተኛው ሺህ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ክፉ ዜና ስንሰማ ወይም ቡና ላይ ስለ ኑሮ ስናወራ ከአፋችን የማይጠፋ ቃል አለ፤ «ምን ይደረግ፣ ስምንተኛው ሺህ እኮ ነው!» እንላለን። ለመሆኑ መቼ ገባ? በባሕረ ሐሳብ እንቁጠር። ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ነው። 1500 ዓመተ ምሕረት ሲደመርበት 7000 ይሞላል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በእነዚህ ዘመናት ያልታየ መከራ የለም። በግራኝ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ከብቱም ሰውም አለቀ፤ በ1928 ዓ.ም. ጠላት ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ረጨብን። እኛም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ብዙዎቻችን ሰሙነ ሕማማትን ከቤት ሆነን አሳለፍን፤ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ወንድም ወንድሙን ገደለ። አባቶቻችን ግን «አለቀ» ብለው አልተቀመጡም፤ የተቃጠለውን መልሰው ሠሩ፣ ጾሙንም ጾመው ለእኛ አስረከቡን።

ደቀ መዛሙርቱ በደብረ ዘይት ተራራ ጊዜው መቼ እንደሆነ ጌታን ጠየቁት (ማቴ. 24)። እርሱ ግን ቀኑን አልነገራቸውም፤ ከአሳቾች እንዲጠበቁ፣ የጦርነት ወሬም ሲሰሙ እንዳይደነግጡ አስተማራቸው። ታዲያ ዛሬ በየስልካችን ቀን እየቆረጠ የሚያስደነግጠን ሰው ከየት አምጥቶት ነው?

ጌታ ቀጥሎ በምዕራፍ 25 የፍርዱን ነገር ገለጠ። የምንጠየቀው ስለ ዓመት ቁጥር አይደለም፤ ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማው፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ ታረዘው፣ ስለ ታመመውና ስለ ታሰረው ነው። በጾማችንም ከደብረ ዘይት ቀጥሎ የሚመጣው ሰንበት ገብር ኄር ነው፤ ስለ ምጽአት የሰማ ሰው መክሊቱን ይዞ ወደ ሥራው ይሂድ ሲለን ነው።

ወገኖቼ፣ ራሳችንን እንመርምር። «ዓለም አለቀላት» እያልን ንስሐውን ግን ለከርሞ እናቆየዋለን! ይህ እንዴት ይሆናል? የዓለም መጨረሻ መቼ እንደሆነ አናውቅም፤ የእኔና የአንተ፣ የእኔና የአንቺ መጨረሻ ግን ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳምንቱ ሳያልፍ ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ፤ የተቀየምነውን ሰው ደጅ እናንኳኳ፤ በጾም የተረፈውን የቁርሳችንን ገንዘብ ለተፈናቀለው ወገናችን እንስጥ። እንዲህ ያደረገ ሰው ጌታ ዛሬ ቢመጣ አይደነግጥም፤ ቢዘገይም አይሰለችም።

በምጽአቱ ቀን በቀኙ ያቁመን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።