ሰው ዛፍ መስሎ ሲታየን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 8 የጻፈውን የቤተ ሳይዳውን ዕውር ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጌታችን ያን ሰው እጁን ይዞ ከመንደር ወደ ውጭ አወጣው፤ ዓይኑንም በምራቁ ቀብቶ፣ እጁን ጭኖበት፣ የሚያየው ነገር እንዳለ ጠየቀው። ሰውየውም ማየትስ እንደጀመረ፣ ነገር ግን የሚመላለሱት ሰዎች ዛፍ መስለው እንደታዩት ተናገረ። ጌታ ዳግመኛ እጁን በጫነበት ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ።

በአንድ ቃል መፈወስ የሚቻለው አምላክ ይህን ሰው ስለ ምን ሁለት ጊዜ ዳሰሰው? የዚህን ምሥጢር መተርጐም የሊቃውንት አባቶቻችን ነው። እኔ እንደ ታናሽነቴ ከታሪኩ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በዕውርነትና አጥርቶ በማየት መካከል አንድ ሌላ ስፍራ አለ። በዚያ የቆመ ሰው ያያል፤ ግን አያጠራም። ምርኩዝ ስላልያዘ ማንም ዕውር አይለውም። መሪ አይፈልግም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ምጽዋት አይጠይቅም። ስለዚህም ችግሩን የሚያውቅለት የለም። አንዳንዴ ራሱም አያውቀውም፤ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና።

እንዲህ ያለውን ሰው በገዛ ሰንበት ትምህርት ቤታችን በድያለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት የሕፃናት ክፍል መዝሙር አስጠኚ ነበርሁ። መዝሙሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ልጆቹም እያዩ ያነባሉ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው አንድ ታናሽ ወንድማችን ነበረ። ሌሎቹ ሲያነቡ እርሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ቃሉንም አንድ ጊዜ ዘግይቶ ይከተላል። አንድ ቀን አስነሣሁትና ብቻውን እንዲያነብ አዘዝሁት። ዓይኑን ጨፈን ጨፈን አድርጎ ወደ ሰሌዳው ተመለከተና ዝም አለ። እኔም በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ «አንተ ሰውነትህ እንጂ ልብህ እዚህ የለም፤ እንዲህ ከሆነ ብትቀርም አይጎዳን» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። እርሱም በሚቀጥለው እሑድ ቀረ፤ በሚከተለውም ቀረ።

በአራተኛው ሳምንት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይወድ ነበር፤ ምን እንደነካው እንጃ። በትምህርት ቤቱም ወደ ኋላ ቀርቶብኛል፤ ከጎኑ ያለውን ልጅ ደብተር እያየ ይጽፋል ብለው ከሰሱብኝ» አሉኝ። ይህን ስሰማ እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ገባ። በኪሴ ውስጥ መነጽር ነበረ። መነጽሩ የራሴ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቴ ጀምሮ ሩቁን የማየው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ አድርጌው፣ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ስመጣ አውልቄ እደብቀው ነበር። «አራት ዓይን» ብለው እንዳይስቁብኝ ነው።

መነጽሬን አውጥቼ ለልጁ አደረግሁለት። ለእርሱ የተለካ ስላልነበረ ሙሉ በሙሉ አልጠራለትም። ቢሆንም በደጃፉ ወደሚታየው ባሕር ዛፍ ተመልክቶ፣ «ጋሼ፣ ቅጠሉ ለየብቻው ይታያል እንዴ?» አለኝ። እናቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔም የቤተ ሳይዳው ሰው ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ሰሌዳው ጭጋግ ሆኖበት ነበር፤ እኔ ግን ልጁ ራሱ ዛፍ ሆኖብኝ ነበር። ስንፍናውን እንጂ ሰውነቱን አላየሁም። ዳግመኛ መዳሰስ ያስፈለገን ለሁለታችንም ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ዕውር ሆኖ፣ 3.7 ደግሞ ዕይታው ደክሞ ተገኝቷል። ለዕውርነት ዋናው ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ ትራኮማም ብዙዎችን አሳውሯል። ዕይታቸው ከደከመው መካከል ግን ሲሶው፣ ማለትም 33.4 ከመቶው፣ በመነጽር ሊታረም የሚችል ጉድለት ያለበት ነበር። መድኃኒት ወይም ቀዶ ጥገና ሳይሆን፣ በልክ የተሠራ ሁለት ብርጭቆ ብቻ የሚያስፈልገው ሕዝብ ማለት ነው።

ችግሩ ከዕድሜም ጋር ይመጣል። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ውስጠኛው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርቡ ነገር ይደበዝዛል። ምስር የሚለቅሙ፣ ጥጥ የሚፈትሉ እናቶቻችን፣ ዳዊታቸውን ከዓይናቸው አርቀው የሚይዙ አባቶቻችን ሁሉ ይህን ያውቁታል። በህንድ አገር በአሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች በቀን የሚለቅሙት ካልተሰጣቸው ይልቅ ወደ 22 ከመቶ ያህል ብልጫ አሳይቷል። መነጽር እንጀራም ነው ማለት ነው።

ታዲያ ስለ ምን አናደርገውም? አንዱ ምክንያት እፍረት ነው። እስቲ አስቡት፤ «አራት ዓይን» ብለን የምንሳለቅበትን ቃል አባቶቻችን ለክብር ይጠሩበታል። በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት ትርጓሜ የበሰለውን መምህር «አራት ዓይና» ይሉታል። እኛ ግን ታናሹ ወንድማችን ሁለቱን ዓይኑን እንኳ እንዳይጠቀም በሳቃችን እንከለክለዋለን።

ሁለተኛው ምክንያት፣ «መነጽር የለመደ ዓይን ይሰንፋል» የሚለው ወሬ ነው። ይህ እውነት አይደለም። መነጽር የብርሃንን መንገድ ያቀናል እንጂ ዓይንን አያደክምም። ሦስተኛው፣ «እምነት ካለህ ጠበል ይበቃሃል» የሚለው አነጋገር ነው። እኔ ጠበልን አከብራለሁ፤ እጠመቃለሁም። ነገር ግን ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲፈውስ ጭቃ መጠቀምን አልናቀም። በመጽሐፈ ጦቢትም መልአኩ ሩፋኤል ለአረጋዊው ዓይን የዓሣ ሐሞትን አመለከተ። ሲራክም ባለ መድኃኒቱን እንድናከብር ይመክረናል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው የእኛ አለማስተዋል ነው።

መነጽር ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ በዓይን ባለሙያ ተመርመሩ። በየመንገዱ የሚሸጠው የተዘጋጀ የማንበቢያ መነጽር አንዳንድ አዛውንትን ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም ምርመራን አይተካም። ግላኮማ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ዕይታን ቀስ በቀስ ይወስዳልና፤ የወሰደውም አይመለስም። ፍሬም ስትመርጡ በአፍንጫችሁ ላይ ሳይንሸራተት፣ ጆሮ ግንዳችሁንም ሳይጫን የሚቀመጠውን ምረጡ። የሌንሱ መካከል ከዓይናችሁ መካከል ጋር መግጠም አለበት። ለሕፃን የማይሰበረው የፕላስቲክ ሌንስ ይሻላል። ስታጸዱትም በውኃ አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ፣ ደረቁን በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ አትፈትጉት፤ አቧራው ይቧጭረዋል።

ከመካከላችን ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉም አሉ። ይህ በዓይን ብሌን ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ስስ ሌንስ ነው። ማድረጉ ነውር የለበትም፤ ቸልተኝነትን ግን አይወድም። ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ። በቧንቧ ውኃ ወይም በምራቅ አታርጥቡት፤ ለእርሱ በተዘጋጀው ፈሳሽ ብቻ አጽዱት፤ ፈሳሹንም በየቀኑ ለውጡ። ሐኪም ካልፈቀደላችሁ አድርጋችሁት አትተኙ። ለሠርግ ያምራል ተብሎ ባለቀለሙን ያለ ምርመራ መግዛት፣ ከጓደኛም መዋስ፣ ብሌንን ለቁስል ያጋልጣል። ጠበል ልትጠመቁ ስትሄዱም አስቀድማችሁ አውልቁት። ይህ ጠበሉን መጠራጠር አይደለም። ማንኛውም ውኃ በሌንሱ ሥር ሲገባ ለዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ተጠግተው ብሌኑን ሊጎዱት ስለሚችሉ ነው። ዓይናችሁ ቢቀላ ወይም ቢያምም ወዲያው አውጥታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አሁን ወደ ታናሹ ወንድማችን ልመለስ። ከቤታቸው ስንመለስ እኔና ጓደኞቼ በቅን ልብ አሮጌ መነጽር ከየቤቱ መለመን ጀመርን። አሥራ አንድ ሰበሰብን። ለዓይን ነርስ ብናሳያት ግን፣ «ልባችሁ ጥሩ ነው። ዳሩ ግን የአንዱ ሰው ልክ ለሌላው አይሆንም። ባለቤቱ የጣለውን ከምታድሉ አንዱን ልጅ አስመርምራችሁ የራሱን ብታሠሩለት ይበልጣል» አለችን። ይህ ምክር ስለ ምጽዋት ያለኝን አሳብ ለወጠው። የተረፈንን መስጠትና ለሰውየው የሚያስፈልገውን መስጠት አንድ አይደለም። የተረፈንን ለመስጠት ሰውየውን ማየት አያስፈልገንም። የሚያስፈልገውን ለመስጠት ግን አጠገቡ መቀመጥና መጠየቅ ግድ ነው።

ስለዚህ ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን ልጁን አስመረመርነው። ፍሬሙንም ራሱ መረጠ። እኔ ጥቁሩን ባመለክተው፣ እርሱ ሰማያዊውን አነሣ። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ ከመሰብሰባቸው በፊት እኔ መነጽሬን አድርጌ በሰሌዳው አጠገብ ቆምሁ። ሁሉ ከተሰበሰቡ በኋላ ስለተናገርሁት ክፉ ቃል በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የሰደብሁት በፊታቸው ነበርና። ማን ምን እንዳዋጣ ግን አልተናገርንም። መዝሙሩን ከኋላ ወንበር ሆኖ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አንድ ቃል ስቼ ጽፌ ኖሮ እርሱ አረመኝ።

የተወደዳችሁ፤ ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር እናድርግ። መጀመሪያ፣ በየክፍላችን ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ፣ መጽሐፍ ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ራሱን የሚያመው ልጅ ቢኖር ከመቆጣታችን በፊት ምን እንደሚታየው ለብቻው እንጠይቀው፤ ለወላጆቹም ነግረን ወደ ዓይን ምርመራ እንዲሄድ እንርዳ። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ከትራንስፖርትና ከሻይ ገንዘባችን ቀንሰን ለመመርመሪያና ለመነጽር የሚሆን ትንሽ ሣጥን እናኑር፤ ተቀባዩንም በስም አንጥራ፤ ቀኝ እጃችን የሰጠውን ግራችን አትወቅ ተብለን የተማርን ነንና። ሦስተኛ፣ መነጽር ያላችሁ በኪሳችሁ አትደብቁት። የእናንተ ድፍረት ለአንድ ታናሽ ድፍረት ይሆነዋል።

ያን ልጅ ከሰሌዳው አጠገብ ሳስነሣው በኪሴ የነበረው መነጽር ለእርሱ ግማሽ መልስ ነበረ። እኔ ግን አፍሬበት ደብቄው ነበር። እያንዳንዳችን ዛሬ በኪሳችን ምን እንደደበቅን እንመርምር። ዳግመኛ በመዳሰስ ዕይታን ያጠራ አምላክ የእኛንም የልቡናችንን ዓይን ያጥራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።