የመሸበት እንግዳ

መንገዱ ሳያልቅ ጀንበር የጠለቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ፤ የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲጣራ መስማት በአገራችን ገጠር የዘወትር ነገር ነበር። «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። እግሩ በገበቴ፣ በለብታ ውሃ ይታጠባል፤ ራት ይቀርብለታል፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ይህ ጥሪ ዛሬ ከከተሞቻችን ጠፍቷል፤ በገጠሩም ሳስቷል። አውቶቡስና አልጋ ቤት ተኩት ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ግን ባልጻፍንበት ነበር።

ጥያቄያችን፣ ይህ ጨዋነት ከባላባታዊው ሥርዓት ጋር አብሮ መቀበር ነበረበትን? የሚል ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያለ አደባባይ የወጣው የተማሪ ትውልድ እጅ መንሣትንና ማጎንበስን በጥርጣሬ ለማየት በቂ ምክንያት ነበረው። ያው የእግር ውሃ፣ ያው ራት በግዳጅም ይቀርብ ነበርና። በገባሩ ቤት የሚሰፍረው ወታደር ባለቤቱን አገልጋይ አድርጎ ጎተራውን ያራቁት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 አሥራት እንዲከፈል ማዘዛቸውም ባላገሩን ከዚህ ሸክም ለማሳረፍ ታስቦ ነው።

እንግዲህ ከአድራጎቱ መልክ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም። ወታደሩ ቢከለከል ይቀጣል። መንገደኛው ከዱላው በቀር ምንም የለውም፤ አይቀጣም፣ አይሸልምም፣ ነገ ሄዶ ዳግመኛ ላይታይ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሰጥን ክብር የጌታና የሎሌ ሥርዓት ቅሪት ነው ማለት ያስቸግራል።

«እግር የምታጥበውስ ማን ነበረች?» ብሎ የሚነሣ ቢኖር ልክ ነው። ቸር የሚባለው አባወራው ነው፤ ውሃውን ቀድታ፣ አሙቃ፣ ተንበርክካ የምታጥበው ግን ሚስቱ፣ ልጁ ወይም ገረዲቱ ናት። ምስጋናው ወደ አንዱ፣ ድካሙ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ይህ ክስ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ በየስብሰባችን ቡና የሚያፈላው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሆኖም በከተማ የእንግዳውን በር የዘጋው ይህ ክስ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ እንጂ እንግዳ አትቀበሉ አላለም። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ ግን ያልታወቀ እንግዳ ቤት ውስጥ መገኘት ለአሳዳሪውም ለአዳሪውም የሞት አደጋ ሆነ። አክስት የወንድሟን ልጅ «ዛሬስ እኛ ዘንድ አትደር» አለች። ማን ይፈርድባታል? በአደባባይ «ጓድ» እየተባባለ የሚጠራራ ሕዝብ ማታ በር ሲንኳኳ እስትንፋሱን ዋጠ። ያ ዘመን ካለፈ በኋላም በሩን ቶሎ የከፈተ ጥቂት ነው።

እኛም በሰው አገር ደጃፍ የመሸብን ሰዎች ነን። እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይጠብቀናል፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የመጡበት መንገድ፣ ማስረጃ፤ ከዚያ ጥበቃ። ለመንግሥት ይህ ሊያስፈልገው ይችላል። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ወገናችን ከአንዳችን ክፍል ወለል ላይ ሲተኛ ግን እኛም ድርጅቱንና አቋሙን ቀድመን እንጠይቀው እንደ ሆነ በሚቀጥለው ጉባኤያችን እንነጋገርበት። የኪራይ ውሉ እንግዳን በቀን ቆጥሮ የሚገድብበት ተማሪም ምን እንደሚያደርግ አብረን እንምከር፤ ክረምቱ ቀርቧል።