መውደዱ የኛ፣ ይቅርታው የነሱ

ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው የሚያስታውሰው ኳስ ነው። ፕሌይስቴሽኑ ላይ ፊፋ፣ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው፣ አምስት ልጆች ከኋላ ተራ እየጠበቁ፣ ተሸናፊ እየከፈለ። የክፍያው ነገር ራሱ ጌሙን ይመርጣል። ሂሳቡ በጨዋታ ከሆነ ቶሎ የሚያልቅ ጌም ነው የሚያዋጣው። አርባ ሰዓት የሚፈጅ፣ ግማሹ ወሬ የሆነ የጠፈር ታሪክ እዚያ ቤት ማን ያስገባዋል? እሱን የምንጫወተው ቤታችን ነው፤ ብቻችንን፣ ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ የተገለበጠ ኮፒ ጭነን፣ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ እስኪግል ድረስ። ስለዚህ በዚህ ከተማ የሳይንስ ልብወለድ ጌም ወዳጆች ብዙም አንታይም። ግን አለን። ሁለት ስንገናኝ ደግሞ የምናወራው ስለ ግራፊክስ አይደለም፤ ስለ ሰዎቹ ነው። ግማሾቹ ሰው ባይሆኑም «ሰዎቹ» ነው የምንላቸው።

ከነዚህ «ሰዎች» መሀል ስሙ ቶሎ የሚነሳው ሞርዲን ሶለስ ነው። የምናገኘው ባዮዌር የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማስ ኢፌክት 2 ውስጥ ነው። ሳላሪያን ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ ብቻ ከሚኖሩ፣ ለዚህም ይመስላል ሁሌ ከሚቸኩሉ ፍጡራን ወገን። ሲናገር ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም፣ ሲመቸው ደግሞ ይዘፍናል። መጀመሪያ የምናየው ወረርሽኝ በገባበት የድሆች ሰፈር ክሊኒክ ከፍቶ ሲያክም ነው። ወዲያው ትወደዋለህ።

ቆይቶ ግን የሠራውን ትሰማለህ። ክሮጋን የሚባሉ ተዋጊ ሕዝቦች አሉ። ሳላሪያኖች ለራሳቸው ጦርነት ስለፈለጓቸው ከፕላኔታቸው አውጥተው አስታጠቋቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ክሮጋኖች በዙ፣ ተስፋፉ፣ አመጹ። ያኔ ሳላሪያኖች ጄኖፌጅ የሚባል ነገር ሠሩ፤ ቱሪያኖች ደግሞ ለቀቁባቸው። ጄኖፌጅ የቆመውን ሰው አይነካም። ከሺህ እርግዝና አንዱ ብቻ እንዲሳካ ያደርጋል እንጂ። ከብዙ ዘመን በኋላ የክሮጋኖች ሰውነት ነገሩን መላመድ ሲጀምር፣ አሻሽሎ እንደገና እንዲሠራ ያደረገው ቡድን ውስጥ ሞርዲን ነበረበት። ያ በነጭ ጋውን የሚዘፍነው ሐኪም።

በአማርኛ እንጥራው ከተባለ፣ ሥራው አንድን ሕዝብ በማህፀኑ በኩል መቆጣጠር ነው። ይህን እያወቅን እንወደዋለን። ብዙዎቻችን እስካሁን ከተጫወትናቸው ጌሞች ሁሉ አንድ ገጸ ባሕሪ ምረጡ ብንባል እሱን እንላለን። እና ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ምኑን ነው የምንወደው? መውደዳችንስ ምን ያህል መብት ይሰጠናል?

የተለመደው መልስ «ውስብስብ ስለሆነ» የሚል ነው። ጥሩም አይደለም ክፉም አይደለም፣ ምክንያት አለው ይባላል። ይህ መልስ አይበቃኝም። ምክንያት ያለው ሁሉ ውስብስብ ከሆነ፣ ምክንያት የሌለው ማን አለ? እዚያው ጌም ውስጥ ኢሉሲቭ ማን የሚባል የሰርበረስ አለቃ አለ። እሱም ምክንያት አያጣም፤ የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው ለሰው ልጅ ብሎ ነው። አነጋገሩ ያምራል፣ ሲጋራ ከእጁ አይጠፋም፣ ከኋላው ግዙፍ ኮከብ ይነዳል። ይማርካል፣ አልዋሽም። ነገር ግን በማስ ኢፌክት 2 ውስጥ ትእዛዙ ወደተፈጸመበት ቦታ ሄዶ ሲቆም አናየውም። በሱ ዕቅድ ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች እሱ ዘንድ የሚደርሱት ሪፖርት ሆነው ነው።

ሞርዲን ግን ቱቻንካ፣ ክሮጋኖቹ አገር ድረስ ይሄዳል። የሚሄደው ማኤሎን የሚባል የቀድሞ ተማሪውን ፍለጋ ነው። ማኤሎን በሠሩት ሥራ ጸጸት አላስቀምጥ ብሎት የጄኖፌጅን መድኃኒት እየፈለገ ነው፤ የሚፈልግበት መንገድ ግን በሕይወት ያሉ ክሮጋኖች ላይ የሚደረግ ጭካኔ የሞላበት ሙከራ ነው። ሞርዲን በዚያ ፍርስራሽ ሆስፒታል ውስጥ ሲያልፍ የአንዲት ክሮጋን ሴት ሬሳ ያገኛል። ልጅ መውለድ ለሕዝቧ እንዲመለስ ብላ ለሙከራው በፈቃዷ የገባች ሴት ናት። ሞርዲን በስሌቱ አሁንም ያምናል፣ አሁንም ይሟገትልሃል። ሬሳዋን ግን ረግጦ አያልፍም። ይቆማል። ያ ፈጣን ምላስ ይዘገያል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ገጸ ባሕሪን ጥልቅ የሚያደርገው የጎዳቸው ሰዎች በዚያው ታሪክ ውስጥ ፊት ሲኖራቸው፣ እሱም ያን ፊት ሳያይ ማለፍ ሲያቅተው ነው። ያለዚያ ምክንያት መደርደር ብቻ ነው፤ ምክንያት ደግሞ ሁሉም ጋ አለ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ጌም ስጫወት ከጀርባው ያለውን ኮድ ማሰብ አልተውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ማስ ኢፌክት 3 የሞርዲን መጨረሻ የሚወሰነው በጥቂት ኢፍና ኤልስ ነው። የክሮጋኖቹ መሪ ሬክስ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? የማኤሎንን ምርምር አስቀምጠነዋል ወይስ አጥፍተነዋል? (ይህኛው ኢቭ የምትባለው ክሮጋን ሴት ትተርፍ እንደሆነ ይወስናል።) ለሳላሪያኗ መሪ በድብቅ ምን ቃል ገብተናል? ከነዚህ መልሶች በመነሳት ሞርዲን መድኃኒቱን ለመልቀቅ እየፈነዳ ያለ ማማ ላይ ወጥቶ እዚያው ይሞታል። ወይም መድኃኒቱን ለማክሸፍ የተስማማው ተጫዋች ራሱ ከጀርባው ይተኩስበታል። ወይም ሬክስም ኢቭም ከሌሉ ተጫዋቹ አሳምኖት ይተርፋል፤ ክሮጋኖቹ ግን ድነናል ብለው እየጨፈሩ ተታልለው ይቀራሉ።

እንደ ኮድ ሦስት አራት ትሩና ፎልስ ናቸው። ለባንክ የሚሠራ አንድ ተራ ፎርም ከዚያ በላይ ኢፍ አለው። ግን ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቷቸው፤ አብዛኞቹ ስለ ሞርዲን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ስለ ክሮጋኖቹ ነው፦ ማን ተረፈ? ማን ሞተ? የዚህ ሐኪም ዕጣ ከጎዳቸው ሰዎች ዕጣ ጋር በኮዱ ውስጥ ሳይቀር ታስሯል። የጻፉት ሰዎች ይህን ሲያደርጉ አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚጠነክር ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ኒየር የሚባል የጃፓን ጌም ነው። ዘመኑ የሩቅ ወደፊት ነው፤ ዮናህ የምትባል የታመመች ልጅን ለማዳን ሼድ የሚባሉ ጥላ መሳይ ፍጥረቶችን እየገደልክ ትሄዳለህ። ሲጮኹ የምትሰማው ትርጉም የሌለው ጉርምርምታ ነው። ጌሙን ጨርሰህ ሁለተኛ ስትጀምረው ያው ጠላት፣ ያው ቦታ፣ ያው ሰይፍ ነው። የተለወጠው ሼዶቹ የሚሉት መሰማቱ ነው። አንደኛው ሼድ እናቱ የሞተችበት ሕፃን ነው፤ የምታጠፋው ግዙፍ ሮቦት ደግሞ የሕፃኑ ብቸኛ ጓደኛ ነው። እና ምን ታደርጋለህ? ትገድላቸዋለህ። ጌሙ ሌላ በር አልከፈተልህም። የጨመረልህ ትርጉም ብቻ ነው።

ከሰማንያ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። የማይገባህ ቋንቋ ሁሉ ከሩቅ ሲሰማ ጉርምርምታ ነው። ሲተረጎምልህ ግን ሰው ይሆናል።

ይህ ነገር ጌም ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ ሰፈራችንም ውስጥ አለ። ጌም ውስጥ ኤንፒሲ የሚባሉ አሉ፦ ማንም የማይጫወትባቸው፣ መንገድ ዳር ቆመው ጠጋ ስትላቸው ያችኑ አንድ መስመር የሚደግሙ። ቃሉ አሁን ስድብ ሆኗል፤ የማንስማማበትን ሰው «ኤንፒሲ» እንለዋለን። አሁን ውቤ በረሃን አስቡ። በደጃች ውቤ ስም የሚጠራው፣ ለፒያሳ ጎረቤት የሆነው፣ በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ ሌሊት የሚደምቅበት ሰፈር። ስለሱ የሚነገረው ትዝታ ብዙ ነው፤ ማን የት ጠጣ፣ ማን ከማን ተደባደበ፣ አዝማሪው ማንን ጎሸም አደረገ፣ የአራዳ ልጅ እንዴት ይለብስ ነበር። ደስ ይላል። ግን ተራኪዎቹ እነማን ናቸው? በአብዛኛው ሊዝናኑ የሄዱት ወንዶች። ሴቶቹስ? በር ላይ ይቆማሉ፣ መጠጥ ይቀዳሉ፣ ይስቃሉ። አንድ አንድ መስመር አላቸው። በከተማችን ትዝታ ውስጥ የውቤ በረሃ ሴቶች ኤንፒሲ ናቸው።

ስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ሲጽፍ ያደረገው ከኒየር ሁለተኛ ዙር ጋር ይመሳሰላል። ያው ሰፈር፣ ያው ሌሊት ነው፤ ግን ትርጉም ተጨመረበት። ስለ መጽሐፉ ሲወራ የሚነሳው የቃላቱ ድፍረት ነው። ለኔ ድፍረቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከተማው በአንድ ቃል የሚጠራቸውን ሴቶች ስም ሰጣቸው፣ እንዲቀልዱ፣ እንዲናደዱ፣ እንዲያፈቅሩ ተዋቸው። ጠበቃ ሆኖ አልቆመላቸውም፣ ሰባኪ ሆኖም አልመጣባቸውም። ሲናገሩ አዳመጠ እንጂ።

እዚህ ጋ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ እኔም ራሴ የማነሳው። በዚህ አገር «ነገሩ ውስብስብ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ንጹህ አይደለም። ግፍ ሲፈጸም ክዳን ሆኖ የሚመጣው እሱ ነው። «ሁኔታውን መረዳት ያስፈልጋል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንድትረዳለት የሚፈልገው የገዳዩን ሁኔታ ነው። ታዲያ ሞርዲንን መውደድ የዚህ ልምምድ አይሆንም ወይ? ዛሬ የጌም ሐኪም፣ ነገ የእውነት ባለሥልጣን።

መልስ ያገኘሁት ከጌም ሳይሆን ከሽምግልና ነው። ሽምግልና ላይ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ሽማግሌዎች ይለምናሉ፣ ይማጸናሉ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይጫናሉ። ሆኖም «ይቅር ለእግዜር» የሚለው ቃል መውጣት ያለበት ከተበዳይ አፍ ነው። ሽማግሌው ስለወደደህ፣ ታሪክህም ስላሳዘነው ብቻ በተበዳይ ፈንታ ይቅር ሊልህ አይችልም። ተበዳይ ያልተቀመጠበት ሽምግልና ሽምግልና አይደለም፤ ወሬ ነው።

እኔም ሞርዲንን መውደድ እችላለሁ። ይቅር ልለው ግን አልችልም፤ ሞቶ የተወለደብኝ ልጅ የለም። ይቅርታው የክሮጋኖቹ ነው። የኢቭ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ የተወለደባት። እኛ ተጫዋቾች ሞርዲንን ልንደግፈው፣ ልንወቅሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ልንከራከርበት እንችላለን። ዕዳው ግን በኛ ክርክር አይወራረድም። ለመክፈል ሲነሳ የሚወጣው ወደነሱ አገር ማማ ነው። «ውስብስብ ነው» የሚለው አባባል ክዳን የሚሆነው ተበዳዩን ከክፍሉ አስወጥቶ ሲነገር ነው። ተበዳዩ ባለበት ሲነገር ግን ቁስሉን ገልጦ ያሳያል።

ስለዚህ አንድን ታሪክ፣ ጌምም ይሁን ዜና፣ ሲነግሩኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የተጎዳው ሰው ስንት መስመር ንግግር ተሰጠው? ዜሮ ከሆነ፣ የበዳዩ የልጅነት ችግር የቱንም ያህል አንጀት ቢበላ፣ እየሰማሁት ያለሁት ማስታወቂያ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ወዳጆቹ የምንጠየቀው ነገር አለ። ለሞርዲን አሥር ገጽ መከራከሪያ የሚጽፍ ልጅ፣ እንዲያው ኮሜንት ላይ ላገኘው ሰው አንድ ቃል ይበቃዋል። የብሔሩ ስም፣ የፓርቲው ስም፣ ወይም ያው «ኤንፒሲ»። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞርዲን አያስከፍለንም፤ መሬታችንን አልወሰደም፣ ወንድማችንን አልነካም። እሱን መረዳት ልምምድ እንጂ ግጥሚያ አይደለም። ልምምድ አይናቅም፤ ማንም ኳስ ተጫዋች ያውቀዋል። ግን ልምምድ ላይ ብቻ ጎበዝ የሆነን ሰው አሰልጣኙ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የሚተወው።

እዚህ አዲስ አበባም ጌም ይሠራል። ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ላይ የምታመልጥ ዶሮ እየሮጠች ትዘላለች፤ ዶሮ ማነቂያ ለነበረበት ከተማ ተገቢ ጀግና ናት። አንድ ቀን ደግሞ ከኛው መሀል አንዱ ረጅም ታሪክ ያለው የሳይንስ ልብወለድ ጌም ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ውቤ በረሃ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አዝማሪው ሮቦት፣ መሰንቆው ኤሌክትሪክ። ጀግናው ብልጥ የአራዳ ልጅ እንደሚሆን ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ያለፈ ጥፋት እንደሚኖርበት፣ እንደምንወደውም እንዲሁ። የንግግር ፋይሉን የሚጽፈው ሰው ግን ወደ ጀግናው ከመሄዱ በፊት መጠጥ የምትቀዳዋን ሴት ፋይል ይክፈት። ስሟን ይጻፍ። ከዚያ ምን እንደምትል ይስማት።