ስሙን የማውቀው አጥንት፣ ያላየሁት የአባቴ ወገብ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አብዛኞቻችሁ ዴንቨር አየር ማረፊያን በተሳፋሪነት ብቻ አይደለም የምታውቁት። በ1995 ከተከፈተ ጀምሮ ስንት የኛ ቤተሰብ የቤት ኪራዩን የከፈለው ከዚያ ባገኘው ገንዘብ ነው። አባቶቻችን በታክሲ ተራ ይጠብቃሉ፤ እናቶቻችን በጽዳቱና በምግብ ቤቱ ይሠራሉ። እኔም ቅዳሜና እሁድ እዚያው ዊልቸር እገፋለሁ። በሌሎቹ ቀናት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሰው ልጅ አናቶሚ እማራለሁ። የአጥንትና የጡንቻ ስም የተጻፈባቸው ካርዶች ከኪሴ አይጠፉም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አንድ ሁለቱን እሸመድዳለሁ።

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ደጋግሜ ሰምቼው ዘግይቶ የገባኝን ሐዲስ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈውት ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ፣ እያንዳንዱ የአደም ልጅ በ360 መገጣጠሚያዎች ላይ እንደተፈጠረ ይነግረናል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በእያንዳንዱ መገጣጠሚያችን ላይ ሶደቃ አለብን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶደቃው ምን እንደሆነ ሲዘረዝሩ በሁለት ሰዎች መካከል ፍትሕ ማድረግን፣ መልካም ንግግርን፣ ወደ ሶላት የሚደረግን እርምጃና ከመንገድ ላይ የሚያስቸግር ነገር ማንሳትን ጠቅሰዋል። አንድ ሰው መጓጓዣው ላይ ሲወጣ ማገዝ፣ ጓዙንም አንስቶ መጫን ከነዚሁ መካከል ነው።

ጓዝ አንስቶ መጫን! ግመሉ ታክሲ ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው።

አናቶሚ መማር ስጀምር መጀመሪያ ያደረግሁት ቁጥሩን መቁጠር ነበር። ክፍል ውስጥ እንደተማርኩት የመገጣጠሚያ ብዛት «መገጣጠሚያ» የምንለው ምኑን እንደሆነ ላይ ይወሰናል፤ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሐዲሱን ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ አናድርገው። ሐዲሱ የመጣው ዕዳችንን ሊያሳውቀን ነው። ጠዋት ተነስተን ጣታችንን ስናጥፍና ስንዘረጋ ያለ ሕመም የታዘዘልን መገጣጠሚያ ሁሉ ሹክር ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የአስከሬን ጉዳይ ነው። ጤና ነክ ትምህርት የምትማሩ ሁሉ አንድ ቀን ይገጥማችኋል። ዛሬ አውሮራ ውስጥ ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴትን አስከሬን አቀዝቅዞ፣ የወንዱን በ1 ሚሊሜትር፣ የሴቷን በሚሊሜትር ሲሶ እየሸረፈ ፎቶ አንስቷል። ያ ሥራ ለዓለም ተማሪዎች ሁሉ ተሰራጭቷል። ወንዱ በቴክሳስ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት በሞት የተቀጣ ሰው ነበር። ምስሉን በኮምፒውተር ስናገላብጠው እናት የወለደችው ሰው መሆኑን መርሳት ቀላል ነው። እኛ ግን እንድንረሳ አልተፈቀደልንም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደመስበር ነው። ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ለሕክምና ትምህርት ሲባል አስከሬን መመርመርን የፈቀዱትም ክብሩን በሚጠብቁ ገደቦች ነው፦ እውነተኛ ፍላጎት ሲኖር፣ በፈቃድ፣ ያለ ቀልድ፣ ዐውራን ሸፍኖ፣ መጨረሻ ላይም በክብር ቀብሮ። የራሳችሁን ሁኔታ ለምታምኑት ዓሊም አቅርቡ።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቤተ ሙከራ ስገባ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጓደኞቼ ሲቀልዱ ዞር እላለሁ። ግን ለሞተ ሰው አጥንት ይህ ክብር ከተሰጠ፣ ለሕያውስ?

ባለፈው ዲሴምበር የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ነበር። አባቴ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከአየር ማረፊያ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ልጄ፣ መኪናው ውስጥ የሩዝ ጆንያ አለ፤ አውጣልኝ» አለኝ። እኔም ዓይኔን ከካርዶቹ ሳላነሳ፣ «አባባ፣ ነገ ፈተና አለኝ» አልኩ። «እሺ፣ አጥና። አላህ ያግዝህ» ብሎ ተመልሶ ወጣ።

በማግስቱ ፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፦ በመጨረሻው የወገብ አከርካሪና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ቢጫን ሰውየው የት ያመዋል? ከመቀመጫው ተነስቶ በጭኑና በባቱ ጀርባ እስከ እግሩ የውጭ ጠርዝ ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ነበር። እየወጣሁ ሳለ አባቴ ከረመዳን በፊት ጀምሮ በአንድ እግሩ ሲያነክስ፣ ለሶላት ከሱጁድ ሲነሳ ግድግዳ ሲይዝ ትዝ አለኝ። ለወራት ፊቴ ላይ የቆመውን መልስ ወረቀት ላይ ነው ያየሁት።

በአከርካሪያችን አጥንቶች መካከል 23 ዲስኮች አሉ። አንድ የመንገደኛ ሻንጣም ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው። አባቴ በቀን ስንቱን እንደሚያነሳ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ያን ዕለት ማታ እግሩ ሥር ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ያዝን። ሻንጣውን ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው እንዲያነሱ ለምን እንደማይተው ስጠይቀው ሳቀ። «እኔ ቢስሚላህ ብዬ ነው የማነሳው። ብሩ የናንተ ነው፤ ሶደቃው የኔ» አለኝ።

እኔ የመገጣጠሚያዎቹን ስም ስሸመድድ፣ እሱ ስማቸውን ሳያውቅ ዕዳቸውን ሲከፍል ኖሯል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ተማሩ፤ ሙስሊም ሐኪም፣ ነርስና ፊዚዮቴራፒስት ያስፈልገናል። የተማራችሁትን ግን መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ እዩት። ዛሬ ወላጆቻችሁን የት እንደሚያማቸው ጠይቁ፤ «ደህና ነኝ» ሲሏችሁም አረማመዳቸውን ተመልከቱ። ጆንያውን አውጡ። የዱሃ ሁለት ረከዓም አትርሱ፤ አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ የመገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ሶደቃ ያብቃቃል። እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ ባለው መስገጃ ክፍል በእረፍት ሰዓቴ እሰግዳታለሁ፤ ስነሳ ጉልበቴ አያመኝም፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ የወላጆቻችንን ሕመም ያሽርልን፤ እጅና እግራችን በሚመሰክሩበት ቀን ለኛ የሚመሰክሩ ያድርጋቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።