የእንግዳ ዕዳ
ወደ ትንሽ ደሴት ለዕረፍት ለመሄድ ስለሚያስብ ሰው

ሰው በሥራ የደከመ እንደ ሆነ ዕረፍት ይሻል። ይህም የተገባ ነው፤ የሚያርስ በሬ እንኳ ቀንበሩ የሚወርድለት ሰዓት አለው። በዛሬው ዘመን ግን ዕረፍት ማለት ለብዙ ሰው ከቤት ርቆ መሄድ ሆኖአል፤ ይልቁንም በሞቃት ባሕር መካከል ወዳለች፥ አሸዋዋ ነጭ፥ ዛፍዋ ዘንባባ ወደ ሆነ ትንሽ ደሴት መሄድ። ይህን ያሰበ ሰው ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ወር ይመርጣል፤ የአውሮፕላኑንና የማደሪያውን ዋጋ ያስተያያል። ዋጋው ስንት ነው? ዝናሙ የሚያባራው መቼ ነው? ምን ልያዝ? እያለ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ የአስተዋይ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ሊቀድም የሚገባው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ይኸውም፥ የኔ ዕረፍት በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? የሚል ነው።

ትንሽ ደሴት እንደ ሰፊ አገር አይደለችም። በሰፊ አገር የተጣለ ጕድፍ ከዓይን ይርቃል፤ በአንዱ ወንዝ የጐደለው ውሃ ከሌላው ይተካል። በደሴት ግን ሩቅ የሚባል ቦታ የለም። የውሃዋን ነገር ብቻ እንመልከት። ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ የማይሉት የኮራል ደሴቶች ወንዝ የላቸውም። የዘነመው ዝናም በአሸዋው ውስጥ ሠርጎ ይወርድና፥ ከጨው ውሃ የቀለለ ስለ ሆነ፥ ከሥር ባለው በጨዋማው ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። የነዋሪው ጕድጓድ የሚቀዳው ይህን ስስ የጣፋጭ ውሃ ንጣፍ ነው። ከሚዘንመው ይልቅ የሚቀዳው የበዛ እንደ ሆነ፥ ጨዋማው ውሃ ከታች ወደ ላይ ይወጣና ጕድጓዱን ያበላሸዋል። እንግዳው በመታጠቢያው ቤት ውሃውን ሲያፈስ ይህን አያይም፤ የሚያየው ከወራት በኋላ ጨው የቀመሰው ባለቤት ነው።

ውሃውን በማሽን ከባሕር ማጣራት ይቻላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የማልዲቭ ዋና ከተማ ማሌ የምትጠጣው ጨዉ በማሽን የተለየለትን የባሕር ውሃ ነው። ነገር ግን እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በዚያ መሣሪያ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የቧንቧ ውሃ አጣ፤ ከህንድ አገርም በአውሮፕላንና በመርከብ ውሃ ተጭኖ መጣለት። በዙሪያው ባሕር ያለው ሕዝብ የሚጠጣው ቸገረው። እንግዲህ የደሴት ኑሮ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ከዚህ ይታወቃል።

በፊሊፒን አገር ቦራካይ የምትባል ደሴት አለች። ስፋትዋ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀደምት ነዋሪዎችዋ አቲ የሚባሉ ሕዝብ ናቸው። የአሸዋዋ ንጣት በዓለም ከተሰማ በኋላ የጎብኚዋ ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት በዛና በ2017 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሆቴሉ እስከ ባሕሩ አፍ ተሠራ፤ ውሃ የሚያቍረው ረግረግ ሳይቀር ቤት ተሠራበት፤ ከብዙ ቤቶችም የወጣው እድፍ ሳይጣራ ወደ ባሕር ወረደ። በመጨረሻው የአገሪቱ መንግሥት ደሴቲቱን ከአፕሪል 26 ቀን 2018 ጀምሮ ለስድስት ወር ዘጋት። በኦክቶበር 26 ቀን እንደ ገና ስትከፈት በአንድ ጊዜ ከ19 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ጎብኚ ብቻ እንዲገኝባት ተወሰነ።

የስድስቱን ወር ዋጋ የከፈለ ማን ነው? ጎብኚው አይደለም፤ እርሱ ሌላ ደሴት መርጦ ሄደ። የከፈለው ወጥ ሠሪው፥ አንሶላ አጣቢዋ፥ ባለ ጀልባው ነው። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሠራተኛ እንጀራው ተቋረጠበት። ጥፋቱን ብዙዎች በየጥቂቱ አዋጡት፤ ቅጣቱ ግን በአንድ ወገን ላይ ተከመረ።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት መልስ ይሰማል። ሦስቱንም መመርመር ይገባል።

የፊተኛው፥ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የኔ ድርሻ ኢምንት ነው የሚል ነው። ነገር ግን በቦራካይ ከሁለቱ ሚሊዮን እያንዳንዱ አንድ ሰው ነበረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለበጎ ኅብረት የተነገረ ነው፤ ዳሩ ግን ለጥፋትም ያው ነው። አባቶች ደግሞ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ። በደሴት ላይ ይህ ተረት ሌላ መልክ ያገኛል። እንግዳው ዘወትር አዲስ ነው፤ ሁሉም ለራሱ የመጀመሪያውን ቀን፥ የወርቁን ቀን ይኖራል። ለባለቤቱ ግን አንዱ ሲሄድ ሌላው ስለሚተካ፥ ቀኑ ዘወትር ሦስተኛው ቀን ነው። እንግዳው ራሱን በወርቅ ሲመዝን፥ ባለቤቱ የብረቱን ክብደት ይሸከማል።

ሁለተኛው መልስ፥ ከፍያለሁ፤ ዕዳ የለብኝም የሚል ነው። ዋጋ ግን የሚቈረጠው በሁለት ሰዎች መካከል ነው፤ በእንግዳውና በሆቴሉ ባለቤት። ዓሣው የራቀበት አጥማጅ፥ ጕድጓዱ የጨመተበት ገበሬ በዚያ ድርድር አልተቀመጡም። ያልተጠየቀ ሰው የሰጠውን ነገር ተገዛ ማለት አይቻልም። ደግሞም ሆቴሉ የውጭ ሰው ንብረት፥ ሥጋውና መጠጡም በመርከብ የመጣ በሆነበት ቦታ፥ ከተከፈለው ገንዘብ ብዙው በመጣበት መንገድ ይመለሳል። እድፉ ግን አብሮት አይመለስም።

ሦስተኛው መልስ፥ እንዲህ ከሆነ ጨርሶ አለመሄድ ይሻላል የሚል ነው። ይህ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱም ያለ ዕዳ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአገሮች በር በተዘጋ ጊዜ፥ በእንግዳ የሚተዳደሩት ደሴቶች ባሕራቸው ዐረፈ፤ ምድጃቸው ግን ቀዘቀዘ። ሕዝብ እርሻውንና መረቡን ትቶ እንግዳን በመቀበል እንዲኖር ከለመደ በኋላ፥ ድንገት ፊትን ማዞር ሌላ በደል ነው። ባለቤቱ ራሱ አትምጡ ያለ እንደ ሆነ መቅረት ግዴታ ነው። በታይላንድ የሚገኘው የማያ ባሕረ ሰላጤ በ2018 ዓ.ም. ተዘግቶ በ2022 ዓ.ም. እስኪከፈት ድረስ ማንም ሊገባበት የተገባ አልነበረም። ባለቤቱ ኑ ሲል ግን ጥያቄው መሄድ ወይስ መቅረት የሚል አይደለም፤ እንዴት ያለ እንግዳ ልሁን? የሚል ነው።

ለዚህ የፓላው ሰዎች ያሳዩት ምሳሌ መልካም ነው። ፓላው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች፥ ሕዝብዋ 18 ሺህ ያህል የሆነ አገር ናት። በዚያ የቀደሙት የነገድ አለቆች ዓሣው የሳሳ እንደ ሆነ ከኮራሉ አንዱን ክፍል ለጊዜው ይከለክሉ ነበር፤ ይህም ሥርዓት ቡል ይባላል። ባሕሩን የሚበላ ሕዝብ ባሕሩን ማሳረፍን ዐወቀ። ከዲሴምበር 2017 ወዲህ ደግሞ ወደ አገራቸው የሚገባ እንግዳ ሁሉ በፓስፖርቱ ላይ የታተመ ቃል ኪዳን አለ፤ ምድሪቱን ላይጎዳ ለፓላው ልጆች ቃል ገብቶ ይፈርምበታል። ከ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮም ኮራልን የሚጎዳ መድኀኒት ያለበትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከልክለዋል። በዚህ ውስጥ የሚያስደንቀው ሕጉ ብቻ አይደለም። ቃሉ የሚሰጠው ለሆቴሉ ባለቤት ሳይሆን ለልጆች መሆኑ ነው፤ በድርድሩ ያልተቀመጡትን ሰዎች በድርድሩ አስቀመጡአቸው።

አንድ ያልተፈታ ቋጠሮ ግን ይቀራል፤ መሸሸግም አይገባም። እንግዳውን የሚያመጣው አውሮፕላን የሚያወጣው ጢስ ዓለምን ከሚያሞቁት አንዱ ነው፤ ዓለም ሲሞቅም ባሕር ከፍ ይላል። የማልዲቭ ደሴቶች ከፍተኛው የተፈጥሮ ቦታ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ደሴቲቱን ወድዶ የሚሄድ ሰው በመሄዱ ያሰጥማታል፤ ባለመሄዱም ያስርባታል። ይህን ቋጠሮ አንድ መንገደኛ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። ሊያላላው ግን ይችላል። በየዓመቱ ለአምስት ቀን ከመመላለስ፥ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ሄዶ ብዙ ቀን መቀመጥ ይሻላል፤ ጢሱ ያንሳል፤ ለባለቤቱ የሚቀረው እንጀራም አይጎድልም።

ስለዚህ ለጕዞ የሚዘጋጅ ሰው በወረቀቱ ላይ ከዋጋውና ከቀኑ ቀጥሎ እነዚህን ደግሞ ይጻፍ። የማድርበት ቤት እድፉን ወዴት ይጥላል? ውሃው ከየት ይቀዳል? ቤቱ የማን ነው? የምበላው ዓሣ በደሴቲቱ ሰው እጅ የተጠመደ ነውን? የማልመልሰውን ምን ይዤ እገባለሁ? መልሱን ከሆቴሉ አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሚጠይቅ እንግዳ ሲበዛ መልስ የሌለው ባለ ሆቴል መልስ ለማዘጋጀት ይገደዳል። ሰው ቤት የሚሄድ ጨዋ እንግዳ የቤቱን አቅም ዐይቶ እንደሚቈርስ፥ ወደ ደሴት የሚሄድም እንዲሁ ያድርግ። ይህን ያሰበ ሰው ዕረፍቱ አይቀንስበትም፤ በባሕሩ ዳር ሲቀመጥ አንሶላውን የምታነጥፈውን ሴት ቀና ብሎ ሊያያት ይችላልና።