ዕቃውና እጁ

ሐሙሲት ስሟም ከገበያዋ ነው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከደራ ደጋና ቆላ፣ ከፎገራ ሜዳ ሰው እህሉን፣ በጉን፣ ቅቤውን ይዞ ይጎርፋል። ሸክላ ሻጮች ግን ከሰው ነጠል ብለው ከገበያው ጠርዝ ይቀመጡ ነበር። የምነግራችሁ ጣሊያን ሳይገባ ሆነ የሚባለውን ነው። እውነት ይሁን ተረት እኔ አልምልበትም፤ ከአንዲት አሮጊት አፍ እንደሰማሁት ነው።

አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። በጀበና የሚተካከላት አልነበረም። እጀታውን ከሆዱ ካጣበቀች በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቷ አንዴ ጫን ትለዋለች። በኩበት እሳት ተተኩሶ ሲወጣም ያቺ ትንሽ ጎድጓዳ እንዳለች ትቀራለች። ገዢዋ ጀበናውን ታነሣለች፣ በጣቷ አንኳኩታ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ስንጥቅ ያለበት ዕቃ ድምፁ ይታፈናል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ጥርት ካለ ትገዛለች፤ ገንዘቡን ግን መሬት ላይ ታኖርላታለች እንጂ በእጇ አትሰጣትም። ልጅ አዝላ እንደሆነም የነጠላዋን ጫፍ ፊቱ ላይ ትስባለች። ቡዳ ናት ተብላለቻ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ወዮለት ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ነጠላውን አላስወረደም።

በዚያው አገር አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ አስመስክረው የተመለሱ። ነሐሴ 13፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ድምፃቸው ሲነሣ የደረቀ ሽማግሌ ያለቅስ ነበር። ከቅኔ ማሕሌት ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ምልክት ሳትህ ብለው አንዱን የቆሎ ተማሪ በመቋሚያ መትተው ክንዱን ሰበሩት።

ልጁ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከጎጃም የመጣ፣ ተው የሚልለት ዘመድ የሌለው። አኩፋዳውን አንግቶ ስለ ማርያም ሲል የማይቆምበት ደጅ ቢኖር የሸክላ ሠሪዋ ደጅ ብቻ ነበር። ያን ምሽት ውሻ አሳዶት ይሁን ሕመሙ አዙሮት፣ ሄዶ እዚያው ወደቀ። አስገባችው። ክንዱን በሸንበቆ ጠገነችለት፣ አጥሚት አፍልታ አጠጣችው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሦስት ሆነው ከአንደኛው ሽማግሌ ደጅ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ቡና ታፈላለች።

“ሰውየው ሌላ፣ ዜማው ሌላ” አሉ ባለቤቱ። “ዜማው የያሬድ ነው። መሪጌታ ዕቃ ናቸው። ዕቃው ቆሸሸ ተብሎ ጠበል ይደፋል?”

ሁለተኛው ቀጠሉ። “አፄ ቴዎድሮስስ? ጎንደርን አላቃጠሉም? በ1860 ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን ራሷን በእሳት አልለቀቋትም? ይኸው ግን ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ይሆናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ስናነሣ ደረታችን ይነፋል። ሥራን ከሠሪው ለይቶ ማየት የሽማግሌ ወግ ነው።”

ይህን ክርክር ዛሬም ታውቁታላችሁ። አንድ ስመ ጥር ድምፃዊ ሚስቱን ደበደበ ሲባል፣ ዘፈኑ ምን አደረገ ይባላል። ዘፈኑማ ምንም አላደረገም። እኔም አዳምጠዋለሁ፤ ሳዳምጥ ግን ስለ ሚስቲቱ ማን እንደጠየቀ ትዝ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ ማንም አልጠየቀም።

ተፈረደ። መሪጌታው አንድ በግ ይካሱ፣ ልጁ ወደ ጉባኤው ይመለስ። በጉ ለማን እንደሚሰጥ ግን አልተነገረም።

ሸክላ ሠሪዋ ልጁን ከጎኗ አድርጋ ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

“አባቶቼ፣ አንድ ቃል ልናገር?”

ዝም ሲሏት ተናገረች።

“እኔም ከሥራዬ የተለየሁ ነኝ። ጀበናዬ ከምድጃችሁ ገብቷል፤ እኔ ግን ከገበያው ጠርዝ አላለፍኩም። ዛሬ ደግሞ መሪጌታን ከሥራቸው ለያችኋቸው፤ ዜማቸው መቅደስ ውስጥ ቀረ፣ የልጅ ክንድ የሰበረ እጃቸው ተረሳ። የምትለዩበት ቢላዋ አንድ ነው፤ እኔን ከቤት አወጣኝ፣ እሳቸውን ከዕዳ አወጣቸው። እንዴት ነው ነገሩ?”

አንዳንድ ተራኪ እዚህ ላይ መብረቅ ያወርዳል፤ መሪጌታው ድምፃቸው ተዘጋ የሚልም አለ። እኔ በሰማሁት መብረቅ የለም። መሪጌታው በመጪው ነሐሴም ቆመዋል፤ ሰውም አልቅሷል። ልጁ ክንዱ ጠመም ብሎ ዳነ። ያን ዕለት የሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ተቆጥተው፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ጠይብ ከመሪጌታ ይስተካከላል እንዴ?” ብለው ጮኹባት። እሷም የልጁን ደህና እጅ ይዛ ሄደች።

ወንበሩ ላይ ወሬው ወደ ዝናቡ ዞረ። እመቤቲቱ ሁለተኛውን ልትቀዳ ጀበናውን አነሣች። አውራ ጣቷ እጀታው ሥር ካለችው ጎድጓዳ ልክክ ብሎ ገባ። ስንት ዓመት የቀዳችበት ጀበና ነው። እጇን አላነሣችም፤ አልቀዳችምም። ሸክላ ሠሪዋ ወደ ወረደችበት መንገድ አየች።

“ምን ሆነሻል?” አሉ ባሏ።

“ይህች ጎድጓዳ... የሷ ጣት ናት።”

“ታዲያስ? ዕቃው ደህና ነው። ቅጂ እንጂ፣ ቡናው ቀዘቀዘ።”